አራተኛው ስንኝ

ሊዝበን፣ ሜይ 10 ቀን 1965

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? አባባስ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ሰላምታዬን በማሳጠሬ ይቅር በይኝ። አንድ የምጠይቅሽ ነገር አለ፤ እሱን ሳልጠይቅ ሌላ ነገር ልጻፍ ብል እጄ እሺ አላለኝም።

ቅዳሜ ማታ እዚህ በምዘፍንበት በወይዘሮ ፔርፔቱዋ መጠጥ ቤት፣ ከምሰሶው ጀርባ ተቀምጦ «እህህ» ብሎ የሳለው ሰው አንቺ ነሽ?

አዲሱን ዘፈን፣ የወንዙን፣ ገና መጨረሴ ነበር። ሰዉ ያጨበጭባል። በጭብጨባው መሀል ከምሰሶው ጀርባ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። አንዴ፤ ከዚያ ፋታ ሰጥቶ ሁለቴ። ትከሻዬ ላይ ያለው ሻል ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ጊታር የሚጫወትልኝ ሲልቬሪዮ ጎንበስ ብሎ፣ «ምን ሆንሽ? ፊትሽ ዐመድ መሰለ» አለኝ።

«ያገሬ ሰው ቤት ውስጥ አለ።»

«በምን አወቅሽ?»

«ሳለ።»

«የሳለ ሁሉ ያገርሽ ሰው ነው እንዴ?»

በኮይምብራ ለፋዶ ዘፈን እጅ አይጨበጨብም፤ ዘፈኑ ደስ ያለው ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል ብዬ አስረዳሁት። ሰምቶ ያውቃል፤ ግን ሰዎች በእኛ ለማሾፍ የፈጠሩት ይመስለው ነበር። «እንግዲያው ብርድ በገባ ቁጥር እናንተ አገር ዘፋኙ ሁሉ ዝነኛ ነው በዪኛ!» ብሎ ሳቀብኝ።

ወደ ምሰሶው ስሄድ ወንበሩ ባዶ ነበር። የቼሪ አረቄው ግማሹ ብርጭቆ ውስጥ ቀርቷል። በሳህኑ ጠርዝ ላይ የወይራ ፍሬ ዘሮች እንደ መቁጠሪያ ተደርድረዋል፤ አንዱ ለብቻው ራቅ ብሎ። እንደዚያ የሚደረድር ሌላ ሰው አላውቅም። ወይዘሮ ፔርፔቱዋን ብጠይቃቸው፣ «ጥቁር ልብስ የለበሰች ዝምተኛ ሴትዮ ናት። ስትወጣ ብቻ 'ይቅርታ ያድርጉልኝና ሾርባው ጨው አንሶታል' አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ሾርባ ስሠራ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም!» አሉኝ። እስካሁን አልበረደላቸውም።

እማዬ፣ አንቺ ከሆንሽ ለምን ሄድሽ? አባባ ልከውሽ ነው? «ሴት ልጅ ፋዶን ከመስኮት ጀርባ ሆና ትሰማለች እንጂ ሰው ፊት ቆማ አትዘፍንም» ካሉኝና ሻንጣዬን ካነሣሁ ይኸው አራት ዓመት ሆነ። ከእሳቸው ይቅርታም ምርቃትም አልጠይቅም። አንድ ቀን፣ አንድ ዘፈን ብቻ፣ ተቀምጠው እንዲሰሙኝ ነው የምፈልገው። ይውደዱት ይጥሉት የራሳቸው ጉዳይ ነው። ግን ይስሙኝ።

ልጅሽ
ኢዳሊና


ኮይምብራ፣ ሜይ 14 ቀን 1965

ውድ ልጄ ሊና፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። አባትሽ ሱቁ ውስጥ ከሚሠራቸው ጊታሮች ጋር ስለነበር ፖስተኛውን በር ላይ ጠብቄ ተቀበልኩት።

አዎ፣ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ። ለወይዘሮ ፔርፔቱዋም ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ ጨው ግን አንሶታል።

አባትሽ አልላከኝም፤ አንቺን መስማቴንም አያውቅም። እሱ ሳይሄድ እኔም ደጃፍሽን እንዳልረግጥ ያኔ ቃል አስገብቶኝ እንደነበር ታውቂያለሽ። «የረገጥኩት የሷን ደጃፍ አይደለም፣ የመጠጥ ቤቱን ነው» እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ዳገቱን እስክወጣ ድረስ ረድቶኛል።

እንዴት መጣሽ ብትዪኝ፣ የሰበካችን ሰዎች በአውቶቡስ ዋና ከተማ ለማየት ሲሄዱ ጎረቤታችን ወይዘሮ ዙልሚራ በግድ አስመዘገበችኝ። በሁለት ቀን ያላየነው የለም። የነገሥታቱን ሠረገላዎች አየን፤ ወርቅ የተቀባውን ሁሉ እያየች ዙልሚራ «ይህን ማን ይወለውለዋል?» እያለች አሳጣችን። ወንዙ ዳር ያሉትን ትንንሽ የእንቁላል ኬኮች ትኩሱን፣ ቀረፋ ነስንሰን በላን። እሷ አራት በልታ አምስተኛውን «ለባሌ» ብላ በመሐረብ ጠቀለለች፤ ሆቴል ስንደርስ መሐረቡ ባዶ ነበር። ከቼሪ አረቄው መሸጫ ሰውየው «ከነፍሬው ወይስ ያለ ፍሬው?» ሲላት ተቆጥታ፣ «ሙሉውን ነዋ፣ ከሩቅ ነው የመጣነው!» አለችው።

ቅዳሜ ማታ እሷ እግሯን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ ተቀመጠች። እኔ «ትንሽ ልናፈስ» ብዬ ወጣሁ። የቤቱን ስም ከደብዳቤዎችሽ አውቀው ነበር፤ አልፋማ ሰፈር ደርሼ አንዲት መስኮት ላይ የተደገፈች ሴትዮ ጠየቅኩ፣ አሳየችኝ።

ዘፈንሽ ሲያልቅ ለማጨብጨብ እጄን አንሥቼ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ፤ ጉሮሮዬ ቀደመው። ደግሞስ እኛ አገር የሚስሉት መንገድ ላይ የቆሙት ወንዶች ናቸው። ሴት ዘፈኑ ደስ ሲላት ከመስኮቷ ጀርባ መብራቷን አብርታ ታጠፋለች እንጂ አትስልም። ሠላሳ ዓመት መብራት ሳበራ ሳጠፋ ኖሬ፣ የሳልኩት በዕድሜዬ ያኔ ገና አንዴ ነው። ደንግጬ ወጣሁ። የሸሸሁት ካንቺ አይደለም።

የዘፈንሽ ነገር በደብዳቤ አይሆንልኝም። ስንገናኝ።

አባትሽ ደህና ነው። ይሠራል።

እናትሽ
ዴኦሊንዳ


ሊዝበን፣ ሜይ 19 ቀን 1965

ውድ እማዬ፣

ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብኩት፤ የዙልሚራን መሐረብ ለሲልቬሪዮ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ወይዘሮ ፔርፔቱዋ ይቅርታሽን ተቀብለዋል፤ «ጨው ግን አንሶታል» ያልሽውን አላነበብኩላቸውም።

ሙሉ ገጽ ስለ ኬክ ጽፈሽ ስለ አባባ ስትደርሺ «ደህና ነው። ይሠራል።» ብለሽ ነጥብ አደረግሽ። እማዬ፣ አንቺ ነጥብ የምታበዢው ስትደብቂ ነው።

ይህን የምልሽ በከንቱ አይደለም። ሰኞ ዕለት ኮይምብራ የተማረ አንድ ጠበቃ ከአባባ ሱቅ በቅርቡ የገዛውን ጊታር ይዞ መጣ። ያ የእንባ ጠብታ የሚመስለውን የጊታሩን ራስ ከሩቅ ሳየው ልቤ ዘለለ። ሲልቬሪዮ የሊዝበን ሰው ስለሆነ የእሱ ጊታር ራሱ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ነው፤ ግን የአባባን እጅ ያከብራል። «እስቲ ስጠኝ» ብሎ ተቀበለው። ትንሽ ነካካና ጆሮውን አስጠጋ። እንደገና ነካካ።

«ምነው?» አልኩት።

«የታችኞቹ ክሮች ያገሳሉ። የላይኞቹ፣ ቀጫጭኖቹ ግን ዱዳ ናቸው። የፊቱ እንጨት በደንብ ሳይፋቅ ወፍራም ሆኖ ቀርቷል።»

«የአባቴ አይሆንማ!»

ውስጡ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየኝ። «አውሬሊዮ፣ ኮይምብራ» ይላል፤ ቀኑ የዘንድሮ ነው።

እማዬ፣ አባባ ዱዳ ጊታር ከሱቃቸው ከሚያወጡ ምድጃ ውስጥ ቢከቱት ይመርጣሉ። አንድ ነገር ሆነዋል። እጃቸው ነው? ዓይናቸው? ካንቺ ካልሰማሁ የከፋውን ነው የማስበው።

ኢዳሊና


ኮይምብራ፣ ሜይ 25 ቀን 1965

ውድ ልጄ፣

ይቅር በይኝ። እንዳልናገር አስምሎኝ ነበር፤ በዚህ ዓመት ያፈረስኩት ቃል ሁለት ሆነ።

ጆሮው ነው። አምና በክረምት ማንቆርቆሪያው ሲያፏጭ አልሰማም አለ። ቀጥሎ ወፎቹ ሄዱበት። ቀጭን ድምፅ ነው መጀመሪያ የጠፋው፤ አሁን የኔም ድምፅ እየራቀው ነው። ሐኪሙ ክረምት ሳይወጣ ሙሉ በሙሉ ሊዘጋ ይችላል ብሎታል። የጊታሩን ፊት ሲፍቅ በጣቱ ያንኳኳና እንጨቱን አገጩ ላይ ያስደግፋል፤ አንዳንዴም ጠርዙን በጥርሱ ይነክሳል። በአጥንቱ ነው የሚሰማው። ወፍራሙን ድምፅ እንዲህ አድርጎ ያገኘዋል፤ ቀጭኑ ያመልጠዋል። አንቺ ያየሽው ጊታር እንዲያ ነው የወጣው። ይህን ለእሱ አልነግረውም፤ አንቺም አትንገሪ።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም። እራት ላይ፣ «ሊዝበን ሄጄ ሊናን ሰማኋት» አልኩት።

«ምን?»

«ሊናን! ሰማኋት!»

ጮኼ ነው የተናገርኩት። በማግስቱ ወይዘሮ ዙልሚራ በአጥሩ በኩል፣ «እኔ እግሬን ዘፍዝፌ አንቺ ትዞሪያለሽ፣ አይደል?» አለችኝ።

ሦስት ቀን አላናገረኝም። በአራተኛው ቀን ሾርባውን እያማሰለ፣ «ጊታሩ ባለ ቀንድ አውጣው ነው?» አለ።

«ባለ ቀንድ አውጣው ነው።»

«ገምቼ ነበር።» ቀጥሎም፣ «ከመጨረሻው ስንኝ በፊት ትቆማለች?»

«ትቆማለች።»

«ምን ያህል?»

«ግማሽ አባታችን ሆይ ታደርስበታለህ።»

«በዛ» አለ።

ከዚያ ምን እያልሽ እንደዘፈንሽ ጠየቀኝ። የመጨረሻዎቹን አራት ስንኞች ጀመርኩለት፤

ወንዙ ቁልቁል ወርዶ ከባሕር ሲገባ፣
የተነሣበትን ያስታውሳል አባ?
እኔም ወርጃለሁ፣ ዓይኔ ሞልቶ እንባ፣

እዚህ ላይ አቆምኩ።

«ከዚያስ?»

«አራተኛው ጠፋኝ።»

«አንቺን? የሠርጋችን ዕለት ቄሱ የሰበከውን እስከ ዛሬ በቃልሽ የምትወጪውን?»

«እርጅና ነው» አልኩት።

ልጄ፣ አልጠፋኝም። ሄዶ ይፈልገው ብዬ ነው። ከዚያ ወዲህ ሲሠራ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ፤ ሦስት ስንኝ ይልና ይቆማል።

እናትሽ
ዴኦሊንዳ


ሊዝበን፣ ሜይ 31 ቀን 1965

እማዬ፣

ብዙ አልጽፍም፤ ወረቀቱ እየረጠበብኝ ነው። አራት ዓመት ሙሉ «እሳቸው መጀመሪያ ይጻፉ» እያልኩ በኩራት የተቀመጥኩት ጆሯቸው ሁልጊዜ እዚያው የሚጠብቀኝ መስሎኝ ነው። አሁኑኑ ልምጣ? ቅዳሜ ባቡር አለ። ሱቅ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ጆሯቸው ሥር ልዝፈንላቸው? ወይዘሮ ፔርፔቱዋ «ሂጂ» ብለውኛል፤ ሲልቬሪዮም አብሬሽ ልምጣ አለ። ቃልሽን እጠብቃለሁ። አንቺ ያልሽውን አደርጋለሁ።

ሊና


ኮይምብራ፣ ጁን 4 ቀን 1965

ውድ ልጄ ሊና፣

አትምጪ። አሁን ብትመጪ የጆሮውን ነገር እንደነገርኩሽ ያውቃል፤ አዝናልኝ ነው የመጣችው ይላል፤ ከሱቁም አይወጣልሽም። ታውቂው የለ።

ደግሞም እሱ ራሱ ይመጣል። ተቀመጪና አንብቢ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይዘሮ ዙልሚራ ለቅዱስ አንቶንዮስ በዓል ወደ ሊዝበን የሚሄደውን አውቶቡስ ስትመዘግብ ሰልፉ ውስጥ አባትሽን አየሁት። እኛ በሄድንበት ጊዜ «በመስኮት ቤተ መንግሥት አይተው፣ ያገራቸውን ዳቦ እዚያ ወስደው በልተው የሚመለሱ ሞኞች» ያለን ሰው!

ዙልሚራ ዝም አትልም። «አቶ አውሬሊዮ፣ እርስዎም ሊዝበን አማረዎት?» አለችው።

«ሰርዲን ልበላ ነው።»

«ሰርዲንማ እዚህም አለ!»

«የዚያኛው ሰርዲን ትኩስ ነው ይባላል።»

«የሚጠራዎት ሰርዲን ይሁን ሌላ እግዜር ይወቅ» ብላ ስሙን ጻፈች። ይህን አልሰማም፤ ወይም እንዳልሰማ ሆነ። አሁን አሁን ሁለቱን መለየት ያስቸግረኛል።

እኔ አልመጣም። ቦታ አለ፤ ግን ከጎኑ ከተቀመጥኩ ፊቱን ይጠብቃል። ብቻውን ይሁን።

የምትጠይቂኝን አውቃለሁና ልንገርሽ። በር ላይ አትቀበዪው፤ እንዳላየ ሰው ሁኚ። ከሲልቬሪዮ ፊት ለፊት ያለውን የእንጨት ጠረጴዛ ስጡት፤ ጨርቁን አንሡለት፤ ክርኑን አስደግፎ አገጩን እጁ ላይ ሲያደርግ ደከመው እንዳትዪ። አንቺን እየሰማ ነው። ወይዘሮ ፔርፔቱዋ ጮክ ብለው እንዳያናግሩት፤ ጮክ ሲሉበት ያፍራል። ዘፈኑን ለእሱ ብለሽ አትለውጪው፤ እንደዚያን ዕለቱ ዝፈኚው፤ ቆይታውንም አታሳጥሪው። በዛ ቢልም ይጠብቀዋል።

ቢስል ዝም በዪ።

እናትሽ
ዴኦሊንዳ


ሊዝበን፣ ጁን 14 ቀን 1965

ውድ እማዬ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ አባባ ቤት ናቸው፤ ምናልባት ነግረውሽ ይሆናል። የሚነግሩሽ ግን ስለ ሰርዲኑ ይመስለኛል። የቀረውን እኔ ልጻፍልሽ።

ሰፈሩ ሁሉ በጭስ ተሞልቶ ነበር፤ በየደጃፉ ሰርዲን ይጠበሳል፣ ገመድ ላይ ወረቀት ተንጠልጥሏል፣ ሰው ይገፋፋል። በሦስት ሰዓት በሩ ተከፈተ። የእሑድ ኮታቸውን ለብሰዋል። በእጃቸው በዓሉ ላይ የሚሸጠውን በትንሽ ማሰሮ የተተከለ በሶብላ ይዘዋል፤ በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው እጃቸውን ያሸታሉ፣ እንደ ደንቡ። እንዳልሽው እንዳላየሁ ሆንኩ።

ወይዘሮ ፔርፔቱዋ ራሳቸው አስቀመጧቸው። አባባ ጠረጴዛውን በጣታቸው አንኳኩና «ጥድ» አሉ። ሰርዲን በሉ፤ የጎመን ሾርባ ጠጡ፤ ወይኑን በውሃ አላቀጠኑም። ከዚያ መብራቱ ተቀነሰ። እዚህ ሲዘፈን ማንኪያ የሚያነሣ የለም፤ ወንበር ሲጥ ካለ ሰው ይገላመጣል። አባባ ክርናቸውን አስደገፉ፤ አገጫቸውን እጃቸው ላይ አደረጉ፤ ዓይናቸውን በሲልቬሪዮ ጣቶች ላይ ተከሉ። እኔን አላዩኝም።

ሌላ ዘፈን አልዘፈንኩም፤ የወንዙን ብቻ። «ዓይኔ ሞልቶ እንባ» ላይ ደረስኩና ቆምኩ። ቆይታውን አላሳጠርኩትም። ቤቱ እንደዚያ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

አባባ ሳሉ።

አንዴ። ከዚያ ፋታ ሰጥተው ሁለቴ፣ ልክ እንዳንቺ። ዘፈኑ ያለቀ መስሏቸው ነው እማዬ። ጸጥታው ለእሳቸው መጨረሻው ነበር።

ከኋላ አንዱ፣ «ዝም አይሉም እንዴ!» አለ። ሌላው፣ «ሽማግሌው፣ ሳልዎን ውጭ ይጨርሱ!» ሲል ሰው ሳቀ። አባባ አልሰሙትም። እንደ ጨዋ ሰው ደስታቸውን ገልጸው ቀና ብለው ተቀምጠዋል፤ ጉንጫቸው ቀልቷል።

አራተኛው ስንኝ ምላሴ ላይ ነበር። ብዘፍነው አለቦታው እንደሳሉ ያውቃሉ፤ ዋና ከተማ መጥተው፣ ሰው ሁሉ እያየ። አንገቴን ዝቅ አድርጌ እጅ ነሣሁ። ዘፈኑ እዚያ አለቀ። ሲልቬሪዮ አንድ ጊዜ አየኝና ተጣድፎ ዘጋልኝ። መጀመሪያ ያጨበጨቡት ወይዘሮ ፔርፔቱዋ ናቸው፤ ዘፈኑን ከኔ በላይ ያውቁታል፣ ግን እጃቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ። ከዚያ ሁሉም ተከተለ።

ጠረጴዛቸው ጋ ሄድኩ። ተነሥተው ቆሙ።

«ከስተሻል» አሉኝ።

«አባባ፣ ሾርባው እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ጨው አንሶታል።»

ወይዘሮ ፔርፔቱዋ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። አባባ የሲልቬሪዮን ጊታር ተቀብለው የቀንድ አውጣውን ጥቅልል በአውራ ጣታቸው ተከተሉት፣ እስከ መሀሉ። ከታች አውቶቡሱ ጥሩምባውን ሲነፋ ወይዘሮ ዙልሚራ በሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «አቶ አውሬሊዮ! ሰርዲኑ አላለቀም?» አለች። በሶብላውን እጄ ላይ አስቀመጡልኝና ሄዱ። ግንባሬን ስመውኛል። ይህን ለብቻው ልጽፈው ፈልጌ ነበር፤ ግን እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም።

እማዬ፣ አንድ ነገር ለምንሻለሁ። አራተኛው ስንኝ መቅረቱን አትንገሪያቸው። ሙሉውን እንደሰሙ ይኑሩ።

ልጅሽ
ሊና


ኮይምብራ፣ ጁን 18 ቀን 1965

ውድ ልጄ ሊና፣

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ የሆነው ሆኖ ነበር። እኔ አልነገርኩትም፤ ነጋሪው እሱ ሆነ።

እሑድ ማታ ገባ። እግሩን ታጥቦ፣ ሰርዲኑ ጨው እንደበዛው፣ ሾርባው ደግሞ ጨው እንዳነሰው ነገረኝ። «አንዱን ከሌላው ጋር ቢያማስሉት ከተማው ይስተካከል ነበር» አለ። ስላንቺ ትንፍሽ አላለም። ሁለት ቀን ታገሥኩና፣ «አራተኛውን ስንኝ አገኘኸው?» አልኩት፣ ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ።

«አልተዘፈነም።»

ሳህኑን አስቀመጥኩ። «እንዴት አወቅህ?»

«የደከመው ጆሮዬ ነው፣ ዓይኔ መች ደከመ? ስስል የሰውየው ግራ እጅ ገና መንገድ ላይ ነበር። ከዚያ እሷ አንገቷን ደፋች፤ እጁም ተጣድፎ ቤቱ ገባ። አርባ ዓመት ጊታር ሠርቼ ዘፈን የት እንደሚያልቅ ከጣት ላይ ማንበብ ያቅተኛል?»

«ታዲያ እዚያው ለምን አላልካትም?»

«እሷ ዝም ካለችልኝ እኔ ምን ልበል?»

ከዚያ ተነሥቶ ሱቅ ገባ። እንጨት ሲፋቅ ሰማሁ፤ ሄጄ ባይ ዱዳውን የጊታር ፊት የሚመስል ወፍራም እንጨት አገጩ ላይ አስደግፎ እየፋቀ ነው። ያንን ጊታር መልስልኝ ብሎ ለጠበቃው እንዲጻፍለት ጠየቀኝ። ዱዳ መሆኑን ሲልቬሪዮ ነግሮት ይሁን ራሱ ገምቶ፣ አልጠየቅኩትም። «የላይኞቹን ክሮች ለልጅቷ ሰው እተዋለሁ፤ እሱ ይስማልኝ፣ እኔ ልፋቅ» አለ። የልጅቷ ሰው ያለው ሲልቬሪዮን ነው። ከዚያ ሰው ጋር ያለሽን ነገር አልጠየቅኩሽም፤ አባትሽ ግን የጠየቀ ይመስላል።

ማታ ወረቀት ስዘረጋ አይቶ፣ «ለሷ ነው?» አለኝ።

«ለሷ ነው። ምን ልበልልህ?»

«ቆይታው በዝቷል በያት።»

«ሌላስ?»

በሶብላውን ለምን ለሷ እንደተወው፣ መስኮታችን ባዶ እንደሆነ አንድ ሁለት ነገር አጉረመረመ። ከዚያ ፊቱን ወደ ምድጃው አዙሮ፣

«በሩ አልተዘጋም በያት። ራሷ መጥታ ትግባ። የጀመረችውን እዚህ ወጥ ቤት ቆማ ትጨርሰው። የኛ ጠረጴዛ የዋልነት እንጨት ነው፤ ከዚያኛው ጥድ ይሻላል» አለኝ።

ልጄ፣ አራተኛው ስንኝ ደጃፍ ላይ ቆሞ ምን እንደሚጠይቅ አንቺም እኔም እናውቃለን። እሱ ሳይሰማው መለሰው።

የሚቀጥለውን ቅዳሜ የጠዋት ባቡር ያዢ። ሲልቬሪዮንም አምጪው፤ ቀንድ አውጣውንም። ለወይዘሮ ዙልሚራ አልነገርኳትም፤ ግን በአጥሩ በኩል «ስንት ሰው ነው የሚመጣው?» ብላኛለች። ቆይታውን አታሳጥሪው፤ የፈለግሽውን ያህል ቁሚ። በዚህ ጊዜ እኔም ከምሰሶ ጀርባ አልቀመጥም። ከጎኑ ሆኜ፣ ዘፈኑ በእውነት ሲያልቅ በክርኔ ነካ አደርገዋለሁ።

እናትሽ
ዴኦሊንዳ